የጓሮ ብርቱካን ማርማላታ፦ ለቆላውም ለደጋውም

ማርማላታ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በስኳሩ ወይም በፍሬው ሳይሆን በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ቶሎ ከወረደ እንደ ሽሮፕ ይፈስሳል፤ ከዘገየ ይጠቁራል፣ እንደ ሙጫ ይጎተታል። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ሆኖ ከውጭ የመጣ አሠራር የሚከተል ሰው ደግሞ የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። አሠራሩ «105 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ» ይላል። ይህ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው።

ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን 91 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ95 እስከ 96 ይሆናል። ማርማላታ የሚረጋው ደግሞ ያገሩ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ 95፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 100 ሲደርስ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ 105ን መጠበቅ ከረሜላ መሥራት ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መጀመሪያ የፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጥሩን ይጻፍና 4 ተኩል ይደምርበት። መሣሪያው ራሱ ትንሽ ቢዋሽም በዚህ ይታረማል።

የሚያስፈልገው

1 ኪሎ ብርቱካን፣ 4 ሎሚ፣ 2 ሊትር ውሃ፣ 1 ኪሎ ተኩል ስኳር። የሚወጣው 2 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ማርማላታ ነው። ኮምጣጤ የሚባለውን መራራ ብርቱካን ያገኘ ሰው እሱን ይምረጥ፤ ለዚህ ሥራ የሚተካከለው የለም። ያኔ ሎሚው 1 ይበቃል፣ ውሃው 2 ሊትር ተኩል፣ ስኳሩ 2 ኪሎ ይሆናል።

ብርቱካን ውርጭ ስለማይችል ደጋው ላይ የሚገኘው ከቆላ፣ በጣርማ በር ሽቅብ የወጣው ነው። ልጣጩ አረንጓዴ ቢሆን አያሳስብም፤ ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ቆላ የበሰለ ብርቱካንም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የሚፈለገው ጠንካራ፣ ሲያነሡት የሚከብድ ፍሬ ነው። የላሸቀና ከመጠን በላይ የበሰለ አይሁን፤ ማርማላታውን የሚያረጋው ፔክቲን ፍሬው ሲያረጅ ይቀንሳል።

ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ይሁን። የሎሚው ኮምጣጣነት አሉሚኒየምን ስለሚበላ ጣዕሙም ቀለሙም ይበላሻል። ድስቱ ሰፊ ይሁን፤ ስኳር የገባበት ማርማላታ ሲፈላ ወደ ላይ ይገነፍላል፣ ስለዚህ ከግማሽ በላይ አይሞላም።

ዋዜማውን

ብርቱካኑን በለብ ያለ ውሃና በብሩሽ እሹት። ለሁለት ቆርጣችሁ ጭማቂውን ጭመቁ፤ ሎሚዎቹንም እንደዚሁ። ዘሩን፣ በውስጥ የቀረውን ሽፋንና የሎሚውን ቅርፊት አትጣሉ። ፔክቲኑ በብዛት ያለው ዘሩና ነጩ ሽፋን ውስጥ ነው። ሁሉንም በንጹሕ ሻሽ ወይም በታጠበ የነጠላ ቁራጭ ቋጥሩት። የነጠላው ጨርቅ የሳሙና ሽታ እንዳይኖረው አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አውጡት።

የብርቱካኑን ልጣጭ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወፍራም ክር አድርጋችሁ ክተፉ። ነጩ ክፍል በጣም ከወፈረ ግማሹን በማንኪያ ፍቃችሁ ወደ ቋጠሮው ጨምሩት፤ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ፔክቲኑ ግን አይጠፋም። ልጣጩን፣ ጭማቂውን፣ ቋጠሮውንና 2 ሊትሩን ውሃ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩት።

በማግስቱ

ሳይከደን፣ በመጠነኛ እሳት ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ቆላ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ደጋ ላይ ውሃው ራሱ ስለማይሞቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስትም ይፈጃል፣ ከጎደለም ውሃ ይጨመራል። ሰዓቱን ሳይሆን ልጣጩን እመኑ፦ አንዱን ክር አውጥታችሁ በሁለት ጣት ስትጫኑት ያለ ትግል መሟሸሽ አለበት። እዚህ ላይ መቸኮል ኋላ አይታረምም። ስኳር የነካው ልጣጭ ከዚያ ወዲያ ቢፈላ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። «ልጣጩ እንደ ጎማ ሆነ» የሚባለው ቅሬታ በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ልጣጩ ሲለሰልስ ድስቱ ውስጥ ያለው ከመጀመሪያው ግማሽ ገደማ ይቀራል። ቋጠሮውን አውጥታችሁ በሳህን ላይ ቀዝቀዝ ይበል፤ ከዚያ አጥብቃችሁ ጭመቁት። መጀመሪያ ውሃ ይወጣል፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ፣ እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ነገር። ፔክቲኑ እሱ ነውና እስከ መጨረሻው ጠብታ ወደ ድስቱ ይመለስ።

አሁን ስኳሩ ይገባል። እሳቱን ቀንሳችሁ በእንጨት ማማሰያ አማስሉ። ማማሰያው ከድስቱ ሥር ሲንኳኳ የስኳር ቅንጣት ካሰማ አልሟሟም ማለት ነው፤ ሳይሟሟ የፈላ ስኳር ከወራት በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ተመልሶ ቅንጣት ይሠራል። ሲሟሟ እሳቱን እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ይፍላ። መጀመሪያ ነጭ አረፋ አውጥቶ ይነሣል። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ አረፋው ይወርድና ድምፁ ይለወጣል፤ ልክ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚለው ወፍራም፣ አዝጋሚ አረፋ ይሆናል። መመርመር የሚጀመረው ያኔ ነው።

ለምርመራው አንድ ትንሽ ሳህን ቀድሞ ይቀዝቅዝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ቆላ ላይ ፍሪጅ ያስፈልጋል። ድስቱን ከእሳት አንሡ (ሳታነሡ ከመረመራችሁ እናንተ ስትጠብቁ እሱ ያልፋል)። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ጠብ አድርጉና አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት ገፋ አድርጉት። ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል። ጣታችሁ ባለፈበት ተመልሶ ከገጠመ ሦስት ደቂቃ ይጨመርለት። ሚዛን ያለው ሰው ባዶ ድስቱን አስቀድሞ ይመዝን፤ የድስቱ ክብደት ተቀንሶ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ሲቀር በቃው። ይህ ቁጥር ከፍታ አያውቅም፣ ለመራራውም ብርቱካን ግን አይሠራም።

ጠርሙስ መሙላት

ማርማላታው ከእሳት ወርዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይረፍ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ አንዴ ይማሰል። ትኩስ ትኩሱን የሞላ ሰው ልጣጩ ሁሉ ከላይ ተንሳፎ፣ ታችኛው ባዶ ጄሊ ሆኖ ያገኘዋል።

የታጠቡ ጠርሙሶች ቆላ ላይ 15 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ 20 ደቂቃ በፈላ ውሃ ይቀቀሉ። ሲሞሉም ትኩስ ይሁኑ፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰነጠቃል፣ ጨርቅ ወይም ጣውላ ላይ አድርጉ። ከአፉ ግማሽ ጣት ይጉደል፣ ጠርዙ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፣ በአዲስ ክዳን ይዘጋ። ከዚያ ውሃው ክዳኑን ሁለት ጣት አልፎ፣ ከሥር ጨርቅ ተነጥፎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 10 ደቂቃ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 15 ደቂቃ ይፍላ። በማግስቱ የክዳኑን መሐል ተጫኑት። ቂው ብሎ ከተመለሰ አልታሸገምና ፍሪጅ ገብቶ ቶሎ ይበላ።

አልረጋም ብላችሁ ወዲያው አትደንግጡ፤ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከሁለት ቀን በኋላም ከፈሰሰ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ እንደገና አፍሉት፣ እንደገናም መርምሩት። «ስኳሩ በዛ» ብሎ ግማሹን መቀነስ ግን አያዋጣም፤ ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፣ የሚያረጋውም ከሻጋታ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ጓሮው ኮክ ከሆነ፣ ዘሩ ከወጣለት በኋላ የተመዘነ 1 ኪሎ ኮክ 750 ግራም ስኳርና የ3 ሎሚ ጭማቂ ይፈልጋል። ኮክ ፔክቲኑ ትንሽ ነውና ደጋው ላይ ፖም ካለ የሁለት ሦስት ፖም ልጣጭና እምብርት ቋጥሮ አብሮ ማፍላት ነው። አይረጋም ማለት ይቻላል ያለ እሱ፤ ቢረጋም ለስላሳ ነው።

የታሸገው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። የተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በደረቅ ማንኪያ ይቀዳ። ፊቱ ላይ ሻጋታ ከታየ ላዩን ብቻ ገፍፎ መብላት የለም፤ ጠርሙሱ ሙሉውን ይደፋል።