በጨዋማ ረግረግ የተከማቸ ኦርጋኒክ ቁስ፦ ምንጩንና የክምችት ፍጥነቱን እንዴት እንለካለን?

የባሕር ዳርቻ ጨዋማ ረግረግ ኦርጋኒክ ቁስ የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው እዚያው የበቀለው ሣርና ጭቃው ላይ የሚያድገው አልጌ ነው፤ ከሣሩም በተለይ ሥሩ። ሁለተኛው የባሕር ሙላትና ወንዝ ተሸክመው የሚያመጡት ነው። ውኃ የጠገበ ጭቃ ኦክስጅን ስለሚያጣ ብስባሹ ቶሎ አይፈርስም፤ ይከማቻል።

ናሙና ማውጣት

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ውጡ። የውስጥ ስፋቱ 10 ሴ.ሜ የሆነ፣ ግድግዳው ስስ፣ አፉ የተሳለ ቱቦ ያዙ። በመዶሻ አትምቱት፤ ያልተቆረጠ ሥር ወደ ታች እየተገፋ ጭቃውን ይጠቀጥቀዋል። እያዞራችሁ አስገቡት፣ ዙሪያውን ያለውን ሥር በረጅም ቢላዋ ቁረጡ። ቱቦውን ከመንቀላችሁ በፊት በውስጡ ያለው ጭቃ ከውጭው መሬት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለኩ። 100 ሴ.ሜ ገብቶ ውስጡ 10 ሴ.ሜ ከወረደ፣ ናሙናው 10 በመቶ ታምቋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ካልተመዘገበ ጥልቀቱን ኋላ ማረም አይቻልም። መታመቁ ከዚህ ከበለጠ ሌላ ናሙና ማውጣት ይሻላል።

ማድረቅና ማቃጠል

ናሙናውን በ2 ሴ.ሜ ቁረጡ፤ የአንዱ ቁራጭ ይዘት 157 ሴ.ሜ ኩብ ይሆናል። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርቁት። ደረቅ ክብደቱን ለይዘቱ ስታካፍሉ እፍጋቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ፈጭታችሁ ጥቂት ግራም በ105 ዲግሪ አድርቁና መዝኑ፤ በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥላችሁ እንደገና መዝኑ። የጎደለው ክብደት የኦርጋኒክ ቁሱ ግምት ነው። ትኩስ ጽዋ አትመዝኑ፤ ዙሪያውን የሚነሣው ሞቃት አየር ሚዛኑን ያሳስታል። አየር ላይ የቆየ አመድም እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሸክላማ ደለል ማዕድኑ የያዘውን ውኃ ስለሚለቅ ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል።

ካርቦኑን ለመገመት የተቃጠለውን መቶኛ በ0.40 አባዙ፤ የመቶኛውን ካሬ በ0.0025 አባዝታችሁ ደምሩበት። 20 በመቶ ከተቃጠለ ካርቦኑ 9 በመቶ ነው።

ከየት መጣ?

የካርቦን-13 (ከተለመደው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት) ልኬት ከመደበኛ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ በሺህ ሲገለጽ፣ ስፓርቲና የተባለው የጨዋማ ረግረግ ሣር ከ−12 እስከ −14 አካባቢ፣ አብዛኛው የየብስ ተክል ከ−26 እስከ −28፣ የባሕር አልጌ ደግሞ −20 አካባቢ ይሰጣል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ስፓርቲናና የየብስ ተክል እኩል ሲቀላቀሉም −20 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ የካርቦንና ናይትሮጅን ጥምርታንም ለኩ፤ አልጌ ከ6 እስከ 8፣ ሣርና እንጨት ብዙ ጊዜ ከ20 በላይ ነው። ዛጎል ያለበትን ናሙና ከካርቦን ልኬት በፊት በአሲድ እጠቡ፤ ናይትሮጅኑን ግን ካልታጠበው ለኩ፣ አሲዱ ጥቂቱን ይዞት ይሄዳልና።

ፍጥነቱ

ከኒውክሌር ሙከራ የወረደው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ሲዝየም-137፣ ከፍተኛ መጠኑ የ1963 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። በ2023 በወጣ ናሙና፣ መታመቁ ከታረመ በኋላ በ18 ሴ.ሜ ከተገኘ፣ ፍጥነቱ በዓመት 0.3 ሴ.ሜ ነው። እፍጋቱ በሴ.ሜ ኩብ 0.35 ግራም፣ ካርቦኑ 9 በመቶ ከሆነ 0.35 × 0.09 × 0.3 በ10,000 ሲባዛ (ከካሬ ሴ.ሜ ወደ ካሬ ሜትር ለመለወጥ) በካሬ ሜትር በዓመት 94.5 ግራም ካርቦን ይሆናል። ይህን ከጥቂት ዓመታት የገጽ ልኬት ጋር አታወዳድሩ፤ ላይኛው ጭቃ ገና ያልፈረሰ ሥር ስላለበት ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በልጦ ይታያል።