አዲስ ግራፊክስ ካርድ ተገጥሞ ጌሙ አልፈጥን ሲል፦ ማነቆውን ከምልክቱ መለየት

ባሕር ዳር ላይ ግራፊክስ ካርድ የሚቀይር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ስለዚህ የጠበቀውን ፍጥነት ሲያጣ ካርዱን ለመመለስ መነሣትም ሆነ በግምት ሌላ ዕቃ ደርቦ መግዛት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያስወጣዋል። በእነዚህ ሁኔታዎች ካርዱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሌላ ክፍል ወይም ሳይነካ የቀረ አንድ ማስተካከያ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለካ አንድም ብር ባይወጣ ይመረጣል።

ለልኬቱ አፍተርበርነር የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ነው። የካርዱን ጫና፣ የእያንዳንዱን የፕሮሰሰር ኮር ጫና፣ የሁለቱንም ሙቀት፣ የራሙንና የካርዱን ሜሞሪ ፍጆታ እንዲሁም ፍሬም በሰከንድ (በአንድ ሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) ጌሙ እየተጫወተ በማያው ላይ እንዲያሳይ ያድርጉት። ፍሬሙን በሞኒተሩ ፍጥነት ልክ የሚገድበውን ቪሲንክንና ማንኛውንም ሌላ የፍሬም ገደብ አስቀድመው ያጥፉ፤ ገደብ ካለ ሁሉም ክፍል ሥራ የፈታ ስለሚመስል ቁጥሩ ያሳስታል። ከዚያም በአንድ ጌም አንድ ቦታ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ተጫውተው የታየውን ይመዝግቡ።

ምልክት፦ ከቅያሬው በኋላ ምንም ለውጥ የለም

ከሁሉ በፊት የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ ይመልከቱ። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ጌሙ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ ግራፊክስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አዲሱ ካርድ ያዛውሩት። ቀጥሎ በዊንዶውስ የማሳያ ማስተካከያ ውስጥ ሞኒተሩ በስንት ኸርዝ እንደሚሠራ ይዩ። 144 ኸርዝ የሚችል ሞኒተር በ60 ተቀምጦ ከተገኘ ካርዱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ዓይን የሚያየው 60ውን ብቻ ነው። የአሮጌው ካርድ ድራይቨር ካልወጣም ዲዲዩ በተባለው ፕሮግራም አጽድተው አዲሱን ይጫኑ።

ካርዱ የገባበት ቀዳዳም ይፈተሽ። ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው የላይኛው ረጅም ቀዳዳ ሙሉ 16 የመረጃ መስመር ሲኖረው የታችኛው ግን በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ 4 ብቻ ነው። እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ያሉ ካርዶች ደግሞ ራሳቸው የሚጠቀሙት 4 መስመር ስለሆነ ፒሲአይኢ 3.0 (የቆየ የካርድ ቀዳዳ ትውልድ) ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልህ አቅም ያጣሉ። ይህ በማስተካከያ የሚፈታ ስላልሆነ ከግዢ በፊት መታወቅ አለበት።

ምልክት፦ የካርዱ ጫና ከ50 እስከ 70 በመቶ ላይ ይቆማል፣ ጥራት ቢቀነስም ፍሬሙ አይጨምርም

የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 ዝቅ ያድርጉት። ፍሬሙ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነው፤ ጫናውም ቀድሞ ከ95 እስከ 99 በመቶ ይሆናል። ያ ጤናማ ሁኔታ ስለሆነ ጥላንና የብርሃን ነጸብራቅን መቀነስ ይበቃል። ፍሬሙ ባለበት ከቆመ ግን ካርዱ የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ነው። ብዙ ሰው ታስክ ማናጀር ጠቅላላውን 30 በመቶ ሲያሳየው ፕሮሰሰሩን ነፃ ያደርገዋል፤ አንድ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ቢፈቱም ጠቅላላው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

ሆኖም ፕሮሰሰር ከመግዛትዎ በፊት ራሙን ይመርምሩ፤ በርካሽ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ነው። 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚቀድመው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካልተከፈተለት በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም የሚያሳየው ግማሹን ነውና 1600 ቢያነቡ አይደንግጡ፤ 3200 ማለት ነው። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ደግሞ በ3200 ፍጥነት በሰከንድ የሚያሳልፈው 25.6 ጊጋባይት ሲሆን፣ ሁለት ተመሳሳይ ራሞች በትክክለኛው ቦታ ሲሰኩ 51.2 ይሆናል። ቦታው በባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻሻለ በጌሙ ውስጥ የሰው ብዛትንና የእይታ ርቀትን ይቀንሱ፤ እነዚህ የፕሮሰሰሩ ሸክም ናቸው። የኤኤም4 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ያላቸው ብዙ አሮጌ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርን ስለሚቀበሉ ማዘርቦርዱን ሳይለውጡ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ባዮሱን ሲያድሱ ግን ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ በእድሳቱ መሃል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ምልክት፦ ጌሙ በደንብ ጀምሮ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይዳከማል

ይህ የሙቀት ምልክት ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። በባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ የሙቀት ቁጥር እዚህ በትክክል እንዲደገም መጠበቅ አይገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋና አቧራው ሲጨመርበት፣ ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌ ያልታየው ድካም ይታያል።

የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው በድጋሚ ይለኩ። ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የአየር መግቢያ ማነስ ነው፤ ከፊት ፋን ይጨምሩ፣ ኬዙንም ከግድግዳ ያርቁ። ካልወረደ አቧራውን ያራግፉ፤ አየር ሲነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። ዓመታት ያለፈውን ቴርማል ፔስትም (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) ይቀይሩ።

ምልክት፦ አማካዩ ጥሩ ሆኖ ጌሙ በየመሃሉ ይንቀጠቀጣል

በ60 ፍሬም አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ አንዱ ምስል ድንገት 80 ቢወስድ አማካዩ ሳይነካ ዓይን ይሰናከላል። የካርዱ ሜሞሪ ከሞላ የቴክስቸር ጥራት ይቀነስ። ራሙ ከሞላ ከኋላ የተከፈተው ብራውዘር ይዘጋ። ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ካለ ወደ ኤስኤስዲ ይዛወር፤ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል።

ምልክት፦ ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ይጠፋል

አዲሱ ካርድ ከአሮጌው የበለጠ ዋት ስለሚስብ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥሩ። ካርዱ ሁለት የኃይል መሰኪያ ካለው ለእያንዳንዱ የራሱን ገመድ ይስጡት። በከተማችን ብዙዎች ከሚጠቀሙባቸው ትንንሽ ዩፒኤሶች መካከል 650 ቪኤ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው፤ ከባድ ጌም ይህን ሲያልፍ ዩፒኤሱ ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። ይህን ለመለየት ለአጭር ጊዜ ያለ ዩፒኤስ በስታብላይዘር ብቻ ይሞክሩት።

ምልክት፦ ፍሬሙ ከፍተኛ ሆኖ በኦንላይን ጌም ብቻ ገጸ ባሕሪው ወደ ኋላ ይመለሳል

ይህ የመስመር እንጂ የኮምፒውተሩ ችግር አይደለም፤ የትኛውም ካርድ አይፈታውም። በዋይፋይ ፈንታ ከራውተሩ በገመድ ይገናኙ፤ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥም የእያንዳንዱን ሰርቨር ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ) አነጻጽረው ዝቅተኛውን ይምረጡ።