ባይፖላር ካለበት ሰው ጋር ተፋቅሮ ለመኖር

ወንድማችሁ ወይ ሚስታችሁ ወይ የልብ ጓደኛችሁ ባይፖላር የሚባለው ስሜትን የሚያዋዥቅ የአእምሮ ሕመም አለበት ከተባላችሁ መጀመሪያ የምታውቁት በሽታው መጣ ሄድ የሚል መሆኑን ነው፣ አንዴ ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ሳያምረው ያወራል ያቅዳል ብር ይበትናል፣ ሌላ ጊዜ ደሞ ለሳምንታት ካልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ በመሃል ግን ፍጹም ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኛ ጎጃም ሰው የሚሯሯጠው ሲነሳበት ነው፣ ደህና ሲሆን ተመስገን ብለን እንተወዋለን። ዋናው ሥራ ግን ያኔ ነው ያለው።

ደህና እያለ ቡና አፍሉና "ሊነሳብህ ሲል በምን እንወቅ? ያኔ ማን ቢነግርህ ትሰማለህ?" ብላችሁ ራሱን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እንቅልፍ ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ግቢ እየጠረገ ላገኘው ሁሉ ስልክ የሚደውል ከሆነና ሲነጋም ድካም የሚባል ከሌለው ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የብሩንም ነገር ያኔውኑ ጨርሱት፣ ምክንያቱም ሲነሳበት የእርሻ በሬውን ገበያ አውጥቶ በግማሽ ዋጋ ሸጦ ብሩን ለመንገደኛ ሊያድል ይችላል፣ ስለዚህ ከብት ሲሸጥም ከባንክ ሲወጣም እሱ የመረጠው አንድ ሰው ይወቅ ተባባሉ። እሱ የመረጠው ነው ያልኩት፣ ከጀርባው ከሆነ ሁለተኛ አያምናችሁም።

ሲነሳበት አትከራከሩት፣ ጎረቤት አትሰብስቡበት፣ ማሰርማ በፍጹም። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ "ወንድምዓለም፣ አሁን አረፍ እንበል፣ ነገ እናወራዋለን" በሉት። እሱ ክፉ ቃል ከወረወረባችሁ ሲሻለው ንገሩት፣ ዋጥ አድርጎ መቀመጥ ቂም ይሆናል። ደህና ሆኖ በእውነተኛ ነገር ሲናደድ ደሞ "መድኃኒትህን ውጠሃል?" አትበሉት፣ እሱም እንደማንኛችንም የመቆጣት መብት አለው።

ፀበል ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ በድንገት ሲቋረጥ ነው የሚያገረሸው። ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ጾም ሲገባ ቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ፣ ሰውነቱ ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ አጨዳ ላይ በፀሐይ ሲውልም ያው ነው። ሊቲየም እየወሰደ ለራስ ምታት ብላችሁ አይቡፕሮፌን የሚባለውን ማስታገሻ አትስጡት። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ካያችሁ ቀጥታ ሆስፒታል። ማኅሌት ቆሞ ማደርም የሚወደው ነገር ቢሆንም እንቅልፍ ማጣቱ በሽታውን ስለሚቀሰቅስ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክራችሁ ቀን ላይ ቢያስቀድስ ይሻላል።

ጭልም ሲልበት "በርታ እንጂ" የሚለው ቃል አይረዳም። እንጀራ ይዛችሁ ግቡ፣ ባያወራም አጠገቡ ተቀመጡ፣ በማግስቱም ተመለሱ። ሞትን የሚያነሳ ከሆነ ሳትፈሩ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፣ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ እንደውም ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የተባይ መድኃኒቱንና ገመዱን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት፣ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የአእምሮ ሕክምና አለ።

ማስታመሙን ደሞ አንድ እህት ወይ እናት ላይ አትጣሉት። ማታ የሚያድር፣ ለቀጠሮ የሚወስድ፣ መድኃኒት የሚገዛ ተከፋፈሉ፣ አዲስ አበባ ያለውም ልጅ ብር ልኬያለሁ ብሎ አይቅር፣ ለበዓል ሲመጣ ተራውን ይያዝ።