ወረርሽኝ ሲገባ ቅሬው በዓልን እንዴት ያሰናዳ?

በ2012 ዓ.ም. እዚህ ደሴ፣ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቅሬ የምንለው እድርን ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፣ ረመዳን ሚያዝያ 16 ገባ፣ ዒድ ግንቦት 16 ዋለ። ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ተጋርቶ በሚኖርበት ሰፈራችን ሁለቱም በዓላት የሁላችንም ናቸው። እንዲያ ያለ ጊዜ ዳግም ቢመጣ ቅሬዎች ምን ቢያደርጉ እንደሚበጅ ካየሁት ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት ቅጣቱን አንሡ። በቅሬ ሕግ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ በበዓል ጎረቤቱን ያልጠየቀ ባይቀጣም ይታማል። ሰው ደግሞ ከበሽታው ይልቅ ሐሜቱን ይፈራል። እኛ ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። «ቤታችሁ ቆዩ» እያልን ከረምን፤ በፋሲካ ማለዳ ግን አንድ ሙስሊም አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ብቀር ምን ይሉኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ የቅሬው ዳኛ በየደጁ ቆመው «ዘንድሮ የቀረ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው የመጣ ነው» ብለው ተናገሩ። ይህን ቃል ዳኛው፣ ቄሱና ሼሁ አንድ ላይ ሆነው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይናገሩት። ከወጣት አፍ ሲወጣ ምክር ነው፤ ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ግን ሰውን ከግዴታው ይፈታዋል።

ቀጥሎ ቡናውን ከቤት አውጡ። ደሴ ብርድ ስለሆነች በርና መስኮት ዘግተን፣ ዕጣን አጭሰን፣ ከአቦል እስከ በረካ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነውና ከዚህ የበለጠ የሚመቸው ቦታ የለም። ለጸሎት የምንሰበሰብበት ወዳጃም እንዲሁ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይፈላ፤ የቤቱ ሰው ብቻ ይጠጣ። እንግዳ ከመጣም በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ከአቦል በኋላ ይነሣ። ብርድ ነው የሚል ጋቢ ይደርብ።

ምግብ መላላኩን ግን በፍጹም አታስቀሩ። አንዳንድ ሰፈሮች ፈርተው ይህንንም ተዉት፤ እኔ ስህተት ነበር እላለሁ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች በዚያ በዓል ጾማቸውን አደሩ። ለየስድስት ቤቱ አንድ ጤነኛ ወጣት መድቡ፤ ጭምብል ያድርግ። የተከደነውን ሰሃን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ራቅ ብሎ ይጠብቅ። እኛ ድፎ ዳቦ ለሁሉም አደረስን፤ በረመዳን እኛ ክርስቲያኖቹ ለማፍጠሪያ ተምርና ፍራፍሬ ላክን፣ በዒድ ደግሞ ቀሪቦ የሚባለው የማያሰክር የገብስ መጠጥ መጣልን። ሰሃን ባዶውን አይመለስም የሚለው ልማድ ለጊዜው ይቆይ፤ አለዚያ መላላኩ ማብቂያ የለውም። ሰሃኑ በሳሙና ይታጠብ እንጂ ከዚያ በላይ አትጨነቁበት።

ቅርጫ ትልቁ ፈተና ነው። የበሬው ባለ ድርሻ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ አራጁን ከቦ ይቆማል። አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ስለነበር አራጁንና ሁለት ረዳቶችን ብቻ አስገባን። መደቡ ሲያልቅ አንድ ሰው ስሞቹን በወረቀት ጽፎ ዕጣ ጣለ፤ ባለ ዕጣዎቹ በስልክ እየተጠሩ በተራ መጥተው ወሰዱ። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና ሳሙና ይኑር፤ ገቢውም ወጪውም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ዕጣው ሲወጣ አለማየታቸው ቅር ያሰኛቸው ነበሩ፤ ስለዚህ የሚታመን ሰው ምረጡ።

ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ካለ ከመነሣቱ በፊት ይደወልለት፤ ዘንድሮ ብሩን ይላክ፣ እግሩ ይቆይ።

የታመመ ቤት ቢኖር ስሙ በሰፈር አይዙር። ከእኛ ሰፈር ሰው ወደ ቦሩ ሜዳ የሕክምና ማዕከል ሲወሰድ አንዳንዶች የቤተሰቡን በር እያዩ መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ልጆቹ ውሃ ለመቅዳት እንኳን አፈሩ። በዚያ ሳምንት ቅሬው ውሃውንም እንጀራውንም በየዕለቱ አደረሰላቸው፤ ዳኛው ራሳቸው ደጁ ላይ ቆመው እየጠሩ «እንዴት አደራችሁ?» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሜቱ በረደ።

ለአዛውንቶች ደግሞ ደጃፋቸው ላይ መቀመጫ አውጡላቸው፤ የሚዞረው ሌላው ይሁን። በዒድ ቀን እኚያ አባት በርጩማቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። እኛ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ከመንገዱ ማዶ እየቆምን «ዒድ ሙባረክ» አልናቸው። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ እኛም ከየበራችን ሆነን አሚን አልን።