የልጅነትዎን ባቡር ፍለጋ ወደ ለገሃር ሲሄዱ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ይመላለስ የነበረው የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራውን አቁሟል። በልጅነትዎ ተሳፍረውበት ከሆነና ጣቢያውን ዳግም ማየት ከፈለጉ፣ ከመሄድዎ በፊት የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ፤ የተቀመጡበትን ወገን፣ የፉርጎውን ሽታ፣ ሞጆ ወይም አዋሽ ላይ በመስኮት የተገዛልዎትን ነገር ሳይቀር። ቦታውን ዛሬ ባለበት ሁኔታ አንዴ ካዩት በኋላ አዲሱ የድሮውን ስለሚሸፍነው፣ የቱ የልጅነት ትዝታ፣ የቱ የአሁን እይታ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አብረዎት የተጓዙ እናት፣ አባት ወይም ታላቅ እህት ካሉ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የእርስዎን ከመናገርዎ በፊት ግን የእነርሱን ያዳምጡ።

በቀላል ባቡር ለገሃር መውረድ ይቻላል፤ እኔ ግን ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር መውረድን እመርጣለሁ፤ ጎዳናው የሚያበቃው ጣቢያው ፊት ለፊት ነውና። እዚያ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሠራ ሲሆን፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወደ ሮማ ተወስዶ ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተመልሷል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ወደ ግቢው ለመግባትና ፎቶ ለማንሳት በር ላይ ያለውን ጥበቃ በትሕትና ያስፈቅዱ። ከተፈቀደልዎ ጊዜዎን ለሐዲዱ ይስጡ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ 1.435 ሜትር ከሆነው ከአዲሱ መስመር ይጠባል፤ በትልቅ ሰው አንድ ሰፊ እርምጃ ይለካል። ጎንበስ ብለው የሐዲዱን ጎን በጨርቅ ቢጠርጉት፣ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ከብረቱ ጋር አብሮ ወጥቶ ይነበባል። ይህን ጽሑፍ ማግኘት ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ይመስለኛል፤ ያ ባቡር የሄደበት ብረት በእጅዎ ሥር ነውና።

በአካባቢው የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ካገኙ፣ «አባቴ፣ የትኛው ክፍል ነበሩ?» ብለው ይጀምሩ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ብዙዎቹ አቀላጥፈው ይናገሩታል። የተሳፈሩበትን ዘመን ከነገሯቸው የፉርጎውን ዓይነትና ማዕረግ ሊነግሩዎት ይችላሉ።

ባቡሩን ራሱን ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ጉዞው እስከ ድሬዳዋ ይዘልቃል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ድሬዳዋ ሲደርሱ ከዚራ የሚገኘውን የድሮውን ጣቢያ ይጠይቁ፤ ያረጁት የባቡር ሞተሮች ያሉት እዚያው የጥገና ጋራዥ ውስጥ በመሆኑ፣ ለመጎብኘት ጽሕፈት ቤቱን በሥራ ሰዓት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።