ስታር ዋርስ ኤክስ-ዊንግን በካርቶንና በካርታ እንዴት እንደምትጫወቱት

ከስታር ዋርስ የጠረጴዛ ጌሞች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላቅማማ ኤክስ-ዊንግ ነው የምለው፣ ሁለት ሰዎች ትንንሽ የጠፈር የጦር መርከቦች እያበረሩ የሚታኮሱበት ነው። 2016 ላይ የወጣው ሪቤሊየንም አለ፣ ኢምፓየሩን የያዘው ሰው የአማፅያኑን ድብቅ ቤዝ ፕላኔት በፕላኔት እየዞረ የሚያድንበት፣ እሱም አሪፍ ነው ግን 3 እና 4 ሰዓት ይፈጃል፣ እሁዳችሁን ካልሰጣችሁት አይሆንም። ኤክስ-ዊንግ ከእራት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል።

ችግሩ እቃው ነው። ፋንታሲ ፍላይት የሚባለው የአሜሪካ ጌም አምራች 2012 ላይ ያወጣው ጌም ሲሆን 2024 ላይ ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር አይወጣለትም ተብሏል፣ ከውጪ በሰው እናስመጣ ብትሉም ዋጋው አይቀመስም። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንጫወተው ራሳችን በሰራነው ነው፣ እና ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም፣ ምክንያቱም ጣዕሙ ያለው ሁለታችሁም የምትበሩበትን በድብቅ መርጣችሁ እኩል ስትገልጡት ነው።

ሰፈር ሱቅ የብስኩት ካርቶን ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ለመርከብ 4 በ4 ሴንቲ የሆኑ ሶስት ካሬዎች ቁረጡ፣ አንድ ኤክስ-ዊንግ (የአማፅያኑ መርከብ) ሁለት ታይ ፋይተር (የኢምፓየሩ)። ከካሬው መሃል ወደ ሁለቱ የፊት ጥጎች መስመር አስምሩ፣ በመሃላቸው የሚታየው ነው የሚተኮሰው (ኦሪጅናሉ ትንሽ ጠበብ ይላል፣ ችግር የለውም)። ቀጥሎ የመንገድ መለኪያ ነው፣ ሁሉም 2 ሴንቲ ስፋት፣ ቀጥታዎቹ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሴንቲ ርዝመት፣ እነሱን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጧቸው። መታጠፊያዎቹን በኮምፓስ ነው የምታወጧቸው፣ የ90 ዲግሪዎቹ የመሃል መስመር ራዲየስ 3.5፣ 6.25 እና 9 ሴንቲ፣ የ45ቶቹ ደግሞ 8፣ 13 እና 18። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ መታጠፊያው ከተበላሸ ጨዋታው በሙሉ ይበላሻል።

ሜዳው 91 በ91 ሴንቲ ነው፣ የቤታችሁ ሴራሚክ 30 በ30 ከሆነ 3 በ3 ቆጥራችሁ በቃ ወለል ላይ መቀመጥ ነው። ለተኩስ ርቀት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፣ እስከ 10 ሴንቲ ርቀት 1፣ እስከ 20 ርቀት 2፣ እስከ 30 ርቀት 3።

ኦሪጅናሉ ባለ 8 ገፅ ዳይስ ነው ያለው፣ እዚህ ማግኘት ከባድ ስለሆነ በካርታ ነው የምንተካው። ከአስ እስከ 8 ያሉትን ብቻ አስቀሩና በአራቱ ምልክት ለዩዋቸው፣ እያንዳንዱ ክምር አንድ ዳይስ ሆነ ማለት ነው፣ 3 ዳይስ ጣሉ ሲባል ከ3 ክምር አንድ አንድ ትስባላችሁ፣ መልሳችሁም ትበውዛላችሁ። ሲተኮስ ከ1 እስከ 4 ምት ነው (4 ከባዱ ምት ነው፣ ለጀማሪ እንደ ተራ ቁጠሩት)፣ 5 እና 6 ፎከስ (ፎከስ የያዘ ሰው ወደ ምት፣ ሲመክት ደግሞ ወደ ማምለጥ የሚቀይረው)፣ 7 እና 8 ባዶ። ሲመከት ከ1 እስከ 3 ማምለጥ፣ 4 እና 5 ፎከስ፣ የቀረው ባዶ።

ኤክስ-ዊንግ ጥቃት 3፣ መከላከያ 2 (የሚጣለው ዳይስ ብዛት ነው)፣ አካል 3፣ ጋሻ 2 (የሚችለው ጉዳት ነው) አለው። ታይ ፋይተር ጥቃት 2፣ መከላከያ 3፣ አካል 3፣ ጋሻ የለውም፣ ግን ቀጥታ እስከ 5 ይበራል፣ ኤክስ-ዊንግ እስከ 4 ነው። ታይ በ1 ቀጥታ መሄድ አይችልም፣ ቀስ ልበል ቢል አይሆንለትም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው፣ ሁላችሁም የየመርከባችሁን መንገድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ፃፉና ገልብጡት። ከዛ መጀመሪያ ታዮቹ ይሄዳሉ፣ መለኪያውን ከመርከቡ ፊት አስጠግታችሁ መርከቡን አንስታችሁ ጀርባውን መለኪያው መጨረሻ ላይ ታስቀምጣላችሁ። የፊልሙ ጀግና ሉክ ስካይዎከር ኤክስ-ዊንጉን ስለሚያበር መጨረሻ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ይተኩሳል። ከሄዳችሁ በኋላ ፎከስ ውሰዱ (አንድ ቆርኪ መርከቡ አጠገብ አስቀምጡ)። ሌላ መርከብ ላይ ካረፋችሁ እስኪለያዩ ወደኋላ ትመለሳላችሁ፣ ፎከስም የለም። ከሜዳ የወጣ ሞቷል።

ለምሳሌ ታዩ 8 ሴንቲ ላይ ነው እንበል። ርቀት 1 ስለሆነ ኤክስ-ዊንግ አንድ ዳይስ ይጨመርለትና 4 ካርታ ይስባል፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 መጣለት፣ ቆርኪውን ሲከፍል 6ቱም ምት ይሆናል፣ በድምሩ 3። ታዩ 3 ስቦ 1፣ 5፣ 7 መጣበት፣ ፎከስ ስላልያዘ የሚያመልጠው አንዱን ብቻ ነው። 2 ጉዳት፣ አካሉ 1 ቀረ። ርቀት 3 ላይ ሲሆን ደግሞ የሚከላከለው ነው አንድ ዳይስ የሚጨመርለት፣ ስለዚህ ታይ የያዛችሁ ሰዎች ፊት ለፊት አትግጠሙት፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሆናችሁ ከኋላው ግቡበት።

ከኋላ የገባባችሁን ለማራገፍ ዙሮ መመለስ አለ፣ 4 ቀጥታ ሄዳችሁ መርከቡን 180 ዲግሪ ታዞሩታላችሁ (ታይ በ3ም ይችላል)፣ ግን 2 ቀጥታን የመሰለ ቀላል መንገድ እስክትበሩ ፎከስ አትወስዱም።

ይሄን ስትለምዱት 6 ጠጠር ጨምሩ፣ አስትሮይድ ናቸው፣ ከጠርዝ ከ20 ሴንቲ በላይ፣ እርስ በርስ ደግሞ ከ10 ሴንቲ በላይ አራርቁ። የነካው መርከብ ፎከሱን ያጣል፣ አንድ የጥቃት ካርታም ይሳብበታል፣ ምት ከወጣ ይጎዳል።