አዲሱ ክሮፕ ካሜራ እስኪወጣ እንዴት እንጠብቅ?

«ሊወጣ ነው» ከተባለ ስንት ጊዜው! ክሮፕ ሴንሰር (ፉል ፍሬም ከሚባለው ትልቁ ሴንሰር ያነሰ) ያለው ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ የሚጠብቅ ሰው ሆዱ ሰፊ መሆን አለበት። የካኖን 7ዲ ማርክ 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቦታውን የተረከበው ሚረርለሱ አር7 ብቅ ያለው በ2022 ነው። የሶኒ ኤ6600 ባለቤቶች ኤ6700ን እስኪያዩ ከ2019 እስከ 2023 ጠብቀዋል። በ2016 የወጣውን ኒኮን ዲ500 የወደዱትማ ተተኪውን ሲናፍቁ ዓመታት ነጉደዋል።

ያን ያህል ከተጠበቀ አይቀር በዘዴ ይሁን።

1. የተበላሹ ፎቶዎቻችሁን ቁጠሩ

አሁን ባላችሁ ካሜራ በቅርቡ ካነሳችሁት ውስጥ ያልተሳኩትን 100 ፎቶዎች አውጡ። በአራት ለዩዋቸው፦ እጅ ተንቀጥቅጦ የደበዘዙ፣ ፎከስ የሳቱ፣ ጨለማ ውስጥ ተነስተው ኖይዝ (ሻካራ ነጠብጣብ) የበዛባቸው፣ ቅጽበቷ ያመለጠቻቸው። ይህን ሥራ ሰው አይወደውም። እኔም አልወደውም፤ ግን የትኛውም የወሬ ገጽ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

የደበዘዙት ከበዙ ካሜራውን አትውቀሱ። የሌንሱን ርዝመት በክሮፑ ቁጥር አባዙና የሹተሩ ፍጥነት ከዚያ እንዳይወርድ አድርጉ። በካኖን ክሮፑ 1.6 ነው። ስለዚህ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛችሁ ከ1/640 ሰከንድ በታች አትውረዱ። የሚበር ወፍ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም መፍጠን አለበት። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ኖይዝ ከበዛስ? ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የሶኒ፣ የኒኮንና የፉጂፊልም ክሮፕ ደግሞ 23.5 በ15.6 አካባቢ ነው። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። አዲስ ሞዴል ስለወጣ ይህ ልዩነት አይጠፋም። ከኤፍ4 ወደ ኤፍ2.8 ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ብትሻገሩ ግን የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ማውንቱ (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት) አንድ ከሆነ ሌንሱ ለሚመጣው ካሜራም ያገለግላል። የማጠራቀሚያ ገንዘቤን መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

ፎከስ የሳቱትና ቅጽበት ያመለጣቸው ከበዙ፣ እሺ፣ ጥበቃችሁ ምክንያት አለው።

2. ወሬውን አበጥሩ

ዋይፋይ ያለው ካሜራ በብዙ አገሮች ከመሸጡ በፊት የገመድ አልባ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ገና ያልወጣ የአንዳንዱ ካሜራ የሞዴል ኮድ ከዚያ መዝገብ ላይ ይገኛል። ይህ ከሌላው ወሬ ሁሉ የተሻለ ምልክት ነው፤ አንድ ነገር በመንገድ ላይ እንዳለ ያሳያልና። የሜጋፒክስሉን ቁጥር ግን አይነግራችሁም። ከወራት በፊት የሚዞር ሙሉ የዝርዝር ወረቀት ካያችሁ አንብባችሁ እለፉ፤ የብዙ ሰው ምኞት ተጨምቆበታል።

3. ያላችሁን ካሜራ አትሽጡ

አዲሱ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፤ ልክ ነው። እኔም ይህን አስቤ «በቃ ሊወጣ ነው» ብዬ ቀድሜ ሸጥኩ። አልወጣም። ወራት ሙሉ ሌንስ በመደርደሪያ፣ እኔ በስልክ! የወረደውን ዋጋ ባዶ እጅ ላለመሆን እንደከፈላችሁት ቁጠሩት።

4. የወጣ ቀን ከሜጋፒክስሉ በታች ያለውን አንብቡ

ትልቁን ቁጥር ማስታወቂያው ራሱ ይጮህላችኋል። እናንተ የሴንሰሩን የንባብ ፍጥነት ፈልጉ። አር7 በኤሌክትሮኒክ ሹተር (የሹተሩ መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ እየተነበበ) በሰከንድ 30 ፎቶ ያነሳል። ሴንሰሩ ግን ከላይ እስከ ታች ተነቦ እስኪያልቅ የሰከንድ 1/30 ገደማ ይፈጅበታል። ክንፍ ወይም የጎልፍ ዱላ በዚያች መሃል ተንቀሳቅሶ ተጣሞ ይወጣል። የፉጂፊልም ኤክስ-ኤች2ኤስ ስታክድ ሴንሰር (ለፍጥነት ሜሞሪ ከሥሩ የተደረበበት) ስላለው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ለተንቀሳቃሽ ነገር ክሮፕ የምትጠብቁ ከሆነ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ሴንሰሩ ስታክድ ነው ወይስ አይደለም?

ቀጥሎ በፈሩን (ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበትን ጊዜያዊ ማኖሪያ) እዩ። በሰከንድ 15 የሚያነሳ ካሜራ 45 ፎቶ ላይ ከሞላ በ3 ሰከንድ ያበቃለታል። የካርድ ማስገቢያውንም ቁጠሩ፤ ኤ6700 አንድ ብቻ ነው ያለው። ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

5. በእጃችሁ ስትይዙት ፈትኑት

በኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ አድርጉትና ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ፈጠን አድርጋችሁ እያዞራችሁ የበር መቃን ወይም ምሰሶ አንሱ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከቆመ ንባቡ ፈጣን ነው። ካዘመመ ሜካኒካል ሹተሩ ላይ መልሱት፣ በዚያ ሹተር በሰከንድ ስንት እንደሚያነሳ እዩ፣ ከዚያ ያን የ100 ፎቶ ዝርዝር አውጥታችሁ ስንቱን እንደሚያድንላችሁ ቁጠሩ።